የአማርኛ መጻፊያ ፓኬጆችን በሊኑክስ ላይ የመጫንና የመገንባት መመሪያ

ፓኬጅ አንድን ፕሮግራም ከነፋይሎቹና ከሚደገፍባቸው ሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር ጋር አጠቃሎ የያዘ ጥቅል ሲሆን፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ዴቢያንና ከእርሱ በተገኘው ኡቡንቱ ጥቅሉን ፈልጎ የሚጭነው «አፕት» የተባለው መሣሪያ ነው። ትዕዛዞቹ በላቲን ፊደል ይተየባሉ፤ እዚህ የተጻፉት ግን እንደ አነባበባቸው ነው።

በቅድሚያ ተርሚናል ተከፍቶ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ሲባል የፓኬጆች ዝርዝር ይታደሳል። ከዚያም «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ተብሎ የግዕዝ ፊደል ቅርጾችን የያዘው «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» እና የመተየቢያውን ዘዴ የሚያስገባው «አይባስ-ኤም17ኤን» ይጨመራሉ።

የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በይጁቤ የሚገኝ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ካልተገናኘ፣ ፓኬጆቹን ደብረ ማርቆስ ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ለዚህም «ዳውንሎድ-ኦንሊ» የሚለው አማራጭ በትዕዛዙ ላይ ሲታከል ፋይሎቹ ሳይጫኑ በአፕት ማቆያ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፦ አውራጁ ኮምፒውተር አስቀድሞ የጫነውን ደጋፊ ፓኬጅ ዳግመኛ ስለማያወርድ፣ የሁለቱ ኮምፒውተሮች የሲስተም ቨርዥንና የፕሮሰሰር ዓይነት አንድ ሊሆን፣ አውራጁም አዲስ የተጫነ ሊሆን ይገባል። ይጁቤ ላይ ፋይሎቹ ካሉበት ማኅደር ተገብቶ እያንዳንዱ የፋይል ስም ነጥብና እዝባር ቀድሞት ለ«አፕት ኢንስቶል» ይሰጣል፤ ነጥቡና እዝባሩ ፓኬጁ ከኢንተርኔት የፓኬጆች ማከማቻ ሳይሆን ከዚያው ማኅደር እንዲወሰድ ያመለክታሉ።

ከሲስተሙ ወጥቶ እንደገና ከተገባ በኋላ ከኪቦርድ ምርጫዎች «አማርኛ ሴራ» የተባለው የአተያየብ ዘዴ ይመረጣል። ለመፈተሻ የከተማዋ ስም ራሱ ይበቃል፦ «ዋይ»፣ «ጄ»፣ «ዩ»፣ «ቢ» እና ትልቁ «ኢ» በተከታታይ ሲነኩ «ይጁቤ» ይጻፋል፤ ትንሹ «ኢ» ከተነካ ግን መጨረሻው «በ» ይሆናል።

የአተያየቡን ሕግ ማሻሻል የሚፈልግ ባለሙያ ሕጉን የያዘውን «ኤም17ኤን-ዲቢ» የተባለ ፓኬጅ ከምንጭ ኮዱ ሊገነባው ይችላል። የምንጭ ማከማቻው እንዲነበብ ከተፈቀደ በኋላ «አፕት ሶርስ ኤም17ኤን-ዲቢ» ኮዱን ያወርዳል፤ «ሱዶ አፕት ቢልድ-ዴፕ ኤም17ኤን-ዲቢ» ለግንባታው የሚያስፈልገውን ይጭናል፤ የሴራው ፋይል ተስተካክሎ በኮዱ ማኅደር ውስጥ «ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ» ሲታዘዝ አዲሱ ፓኬጅ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ባለው ማኅደር ይገኛል። «ሜክ ኢንስቶል» ያጠረ መንገድ ቢመስልም ፋይሎቹን ሳያስመዘግብ ስለሚበትናቸው ኋላ ለማስወገድ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ፓኬጅ አድርጎ መገንባቱ ይመረጣል። የተሻሻለው ከተጫነ በኋላ በ«አፕት-ማርክ ሆልድ» ካልታሰረ ቀጣዩ እድሳት በማከማቻው ቅጂ ሊተካው ይችላል።