ዘግይቶ የሚሰነጠቅ ብዕር፦ በቶርኖ የሚቀረጹ የእንጨት ብዕሮች የጥራት ጉድለት ምንጭና መፍትሔ

አጽሕሮት
በቶርኖ የተቀረጸ የእንጨት ብዕር ሲሰነጠቅ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በኮላው ወይም በባለሙያው እጅ ይላከካል። ይህ ጽሑፍ በታወቁ የእንጨት ሳይንስ መርሖዎች ላይ ተመርኩዞ፣ ዘግይተው የሚታዩ ጉድለቶች ዋና ምንጭ እንጨቱ በነሐስ ቱቦ ዙሪያ መኮማተሩ መሆኑን ያሳያል።

መግቢያ
የብዕሩ አሠራር ቀላል ነው፦ በቁመቱ የተበሳ እንጨት፣ በውስጡ በኮላ የተጣበቀ የነሐስ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ተጭነው የሚገቡ የብረት ክፍሎች። ከተሸጠ ከሳምንታት በኋላ የሚሰነጠቅ ብዕር ግን የሠሪውን ድካምና የገዢውን እምነት አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ የምርመራው መነሻ ጉድለቱ የታየበት ጊዜ ነው።

ጉድለትን በጊዜው መለየት
በሚቀረጽበት ጊዜ እንጨቱ ተፈንቅሎ ከወጣ፣ ቱቦው በኮላ በሚገባ አልተያዘም ወይም መሮው ደንዟል። ግድግዳው በአንድ ወገን ከቀጠነ፣ ቁራጩን የሚይዘው ዘንግ ከመጠን በላይ ጠብቆ መጉበጡ ይጠረጠራል። የብረት ክፍሎቹ ሲጫኑ ጫፉ ከተሰነጠቀ፣ ጫፉ ከቱቦው ጋር በ90 ዲግሪ አልተስተካከለም ወይም ቱቦው ውስጥ የደረቀ ኮላ ቀርቷል። እነዚህ የአሠራር ጉድለቶች ናቸው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ የሚታይ ስንጥቅ፣ እንዲሁም ክብ የነበረው ገላ ሞላላ ሆኖ ከቀለበቱ ጋር አለመግጠሙ ግን ወደ እርጥበት ያመለክታሉ።

የመኮማተር ስሌት
እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ እስከ ፍጹም ድርቀት፣ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ 8 በመቶ፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት 4 በመቶ የሚኮማተር እንጨት እንውሰድ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን የእንጨት እርጥበት 12 በመቶ ገደማ፣ 30 በመቶ ሲሆን 6 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል። በዚህ ለውጥ ዲያሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ ቱቦ ባይኖርበት ኖሮ፣ በአንዱ አቅጣጫ 0.11፣ በሌላው 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብ ነበር። ነሐስ ግን እርጥበት አይወስድም፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢለወጥ እንኳ መጠኑ የሚለወጠው በ0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መኮማተር የተከለከለው ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ከአቅሙ ሲያልፍም ይሰነጠቃል። የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት ደግሞ ሞላላነቱን ያስረዳል።

የሚመከር አሠራር
ቁራጩ በመጀመሪያ በጠባብ ፑንታ ይበሳ፤ ይህም ውስጡ እንዲደርቅ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ይመዘን። ደረቅ ክብደቱ 20 ግራም የሆነ ቁራጭ እርጥበቱ በ1 በመቶ ነጥብ ሲወርድ 0.2 ግራም ስለሚቀንስ፣ አነስተኛ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይበቃል። ክብደቱ ሲረጋ ቀዳዳው ወደ መጨረሻው መጠን ይስፋ፤ ቱቦውም በብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ በኢፖክሲ ይጣበቅ። ወይራን የመሰለ ጥቅጥቅ እንጨት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይሻል።

የክብደቱ መርጋት ግን እንጨቱ ከቆየበት ክፍል አየር ጋር መስማማቱን ብቻ ያመለክታል። በአዲስ አበባ ክረምት የረጋ ቁራጭ ብዕር ሆኖ አየሩ በማሞቂያ ወደ ደረቀ የአውሮፓ ክፍል ቢሄድ እንደገና ይኮማተራል። ስለሆነም መድረቅ ያለበት ብዕሩ በሚኖርበት ቦታ አየር ልክ ነው። ቫርኒሽ የእርጥበቱን ዝውውር ያዘገያል እንጂ አያቆምም።

ማጠቃለያ
ከላይ የተወሰዱት የመኮማተር መጠኖች ለስሌት የተመረጡ ምሳሌዎች ስለሆኑ፣ ለየእንጨት ዓይነቱ በካሊፐርና በሚዛን ሊለኩ ይገባል። ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ውጤቱም ብዕር ሠሪው የትኛው እንጨት በነሐስ ላይ እንደሚበረክት አስቀድሞ እንዲያውቅ ያስችላል።