የቤት ሻጭ ኩባንያ የየወቅቱ መጽሔት፤ ገጾቹ እንዴት ሊታቀዱ ይገባል?

ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን በየሳምንቱ ያገኘዋል። ቤት የሚሸጥ ኩባንያ ግን ከአንድ ሰው ጋር የሚገበያየው ምናልባት በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም አንድ ጊዜ ገዢው የብዙ ዓመት ቁጠባውን የሚያወጣበት ነው። ስለዚህ ገዢው ከመዋዋሉ አስቀድሞ ለረጅም ጊዜ ያመነታል፤ ይጠይቃል፤ ያነጻጽራል። ከተዋዋለም በኋላ ቤቱን እስኪረከብ ድረስ በሥጋትና በተስፋ መካከል ይቈያል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ በሻጭና በገዢ መካከል የሚመላለስ አንድ ነገር ያስፈልጋል። በዛሬው ዘመን አንዳንድ የሪል እስቴት ኩባንያዎች ለዚሁ ጉዳይ የመረጡት በየወቅቱ በስልክና በኮምፒዩተር የሚነበብ፣ ስለ ቤትና ስለ ኑሮ የሚናገር ዲጂታል መጽሔት ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የእንዲህ ያለው መጽሔት ገጾች እንዴት እንደሚታቀዱ ማስረዳት ነው። ነገሩ የሚጠቅመው ቤት ለሚሸጡ ብቻ አይደለም። የወለል ንጣፍና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ፣ ቡና ቈልቶ ወደ ውጭ የሚልክ፣ በአዲስ ሠፈር ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ ሁሉ በእነዚህ ገጾች ላይ ቦታ ሊኖረው ይችላልና።

ከቀድሞ የሚገኝ ምሳሌ

በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1863 ሥራውን የጀመረው የሜትሮፖሊታን ምድር ባቡር ኩባንያ በዓለም የመጀመሪያውን ከመሬት በታች የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር የከፈተ ነው። ኩባንያው መሥመሩን ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ገጠር አገር ካስረዘመ በኋላ ትርፍ ሊያገኝ የሚችለው በመሥመሩ ዳር ሰው ሲሰፍር እንደ ሆነ ተረዳ። ለሐዲዱ ከሚያስፈልገው የተረፈውን መሬት ይዞ ለማልማት ከሌሎች የምድር ባቡር ኩባንያዎች የተለየ መብት ስለ ነበረው፣ በጣቢያዎቹ አጠገብ መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1919ም ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ማኅበር ተቋቋመ። ከ1915 እስከ 1932 ድረስም በየዓመቱ «ሜትሮላንድ» የተባለ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ኩባንያው ራሱ በ1933 ከሌሎች የለንደን መጓጓዣዎች ጋር ተጠቃልሎ በአንድ ቦርድ ሥር ሆኗል።

የመጽሐፉ ብልኀት ይህ ነበር፤ ቤት ግዙ ብሎ አልጀመረም። በመሥመሩ ዳር ያሉትን መንደሮች ገለጸ፤ በእግር የሚኬድባቸውን መንገዶችና የጎልፍ መጫወቻዎችን አመለከተ፤ ከዚያም ስለ ቤቶች የሚናገረው ክፍልና የሠሪዎች ማስታወቂያ ተከተለ። አንባቢውም የተጻፈውን በባቡር ሄዶ በዐይኑ ሊያረጋግጥ ይችል ነበር። የሚሼለን የጎማ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪናዎች ያወጣው መምሪያ በዚሁ አሳብ የተሠራ ነው፤ መንገደኛው መንገዱን ካወቀ ይጓዛል፣ ከተጓዘም ጎማ ይፈልጋል።

ነገር ግን ከሜትሮላንድ የሚወሰድ ሌላም ትምህርት አለ። መጽሐፉ ያመሰገነውን ሰፊ መስክ በየጊዜው የተሠሩት ቤቶች እየሸፈኑት ሄዱ። ጸጥታና ልምላሜ ፍለጋ የመጣው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመስኮቱ ፊት የጎረቤቱን ጣራ አየ። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው አንድን ነገር ከማመስገኑ በፊት፣ ያ ነገር ከኩባንያው የራሱ ሥራ በኋላ በቦታው ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ወቅቶችን ስለ መለየት

በአገራችን ለሚወጣ መጽሔት አራቱ የዘመን ክፍሎች የተዘጋጀ መደብ ናቸው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቈያሉ። እያንዳንዱም ለባለ ቤት የራሱ ጥያቄ አለው።

የክረምቱ እትም ስለ ጣራ፣ ስለ አሸንዳ፣ ስለ ግድግዳ ርጥበትና ስለ ጎርፍ መውረጃ ይናገራል፤ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባና የአዲስ ዓመት ዝግጅትም በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። የመጸው እትም ዝናቡ ካቈመ በኋላ የሚሠራውን ቀለምና ጥገና ይይዛል። በበጋው እትም ጥምቀትና የጥር ሰርግ አሉ፤ ብዙ እንግዳ የሚቀበል ቤት ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን እንዴት እንደሚያሰናዳ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውንም እንዴት እንደሚያጸዳ ይነገርበታል። የጸደዩ እትም ክረምት ሳይገባ ጣራንና አሸንዳን ስለ መመርመር ያሳስባል። የእስልምና በዓላት በጨረቃ አቈጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማሉ፤ ፋሲካም ቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገልብጦ ሳይሆን የዘመኑን ባሕረ ሐሳብና የጨረቃውን አቈጣጠር አይቶ ይሥራ።

የ24 ገጽ አከፋፈል

መጠኑ 24 ገጽ ለሆነ መጽሔት የሚከተለው አከፋፈል ሊያገለግል ይችላል። ሽፋን 1 ገጽ፤ ማውጫ 1 ገጽ፤ በወቅቱ ስለሚደረግ የቤት አያያዝ 4 ገጽ፤ ስለ ሠፈሩና ስለ አካባቢው 4 ገጽ፤ ስለ ነዋሪዎች ኑሮና ማእድ 3 ገጽ፤ ስለ ግንባታው ሂደት 4 ገጽ፤ ስለ ሕግና ስለ ገንዘብ 2 ገጽ፤ ስለ ጎረቤት ነጋዴዎች 3 ገጽ፤ ጥያቄና መልስ 1 ገጽ፤ የኋላ ሽፋን 1 ገጽ።

በዚህ አከፋፈል ኩባንያው ስለ ራሱ ሥራ የሚናገረው በግንባታው ገጾችና በኋላ ሽፋኑ ላይ፣ ማለትም በ5 ገጽ ብቻ ነው። የቀረው የአንባቢው ነው። የሕጉ ክፍል ለምሳሌ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን በቀላል ቋንቋ ቢያስረዳ፣ ነዋሪው ስለ ደረጃው፣ ስለ ጣራውና ስለ ግቢው የጋራ ወጪ አስቀድሞ ያውቃል፤ በኋላ የሚነሣው ክርክርም ይቀንሳል። በውጭ አገር ለሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሰጣቸውን መብት ማስረዳት ይጠቅማል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ቀኖቹ በሁለቱም አቈጣጠር ሊጻፉ ይገባል፤ ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን አሳስቶ የተረዳ ደንበኛ ቅር መሰኘቱ አይቀርምና።

ለጎረቤት ነጋዴዎች በተሰጡት ገጾች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጋዴው ከፍሎ ያወጣው ጽሑፍ «ማስታወቂያ» ተብሎ በግልጽ ይለይ፤ አዘጋጁ በራሱ መርምሮ ከጻፈው ጋር አይቀላቀል። ዕቃ አስመጪውም ገጹ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው ወዴት እንዳለ ያስታውቅ። በመጽሔቱ የተመሰገነ የወለል ንጣፍ ገና በጂቡቲ ወደብ ላይ ካለ፣ ገዢው ሱቁን ባዶ አግኝቶ ይመለሳል፤ ነጋዴውም ኩባንያውም በአንድነት ይወቀሳሉ።

ስለ እውነተኛነት

ከገጾቹ ሁሉ የሚከብዱት ስለ ግንባታው ሂደት የሚናገሩት 4 ገጾች ናቸው። በኮምፒዩተር የተሣለ ሕንፃ ሁልጊዜ የተጠናቀቀ ነው፤ ዛፎቹ አድገዋል፤ ውሃውም ይፈስሳል። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን በቦታው ላይ ያለውን ብረትና ሲሚንቶ ያውቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአሳብ ሥዕል «ገና ያልተሠራ» የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ በአጠገቡም በዚያው ወቅት የተነሣ፣ ቀኑ የተጻፈበት እውነተኛ ፎቶግራፍ ይቀመጥ። ሥራው ዘግይቶ ከሆነ ምክንያቱና አዲሱ ጊዜ ይነገር። ዝምታ ከመጥፎ ወሬ ይልቅ ደንበኛን ያስደነግጣል፤ ባዶውንም ቦታ ሐሜት ይሞላዋል።

በዚህ ረገድ ሕጉም ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። «ከትምህርት ቤት 5 ደቂቃ» ተብሎ ቢጻፍ፣ በእግር ነው ወይስ በመኪና፣ በሌሊት ነው ወይስ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚለው መገለጽ አለበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ የተሠራጨ የመጽሔት ቃልም መልሶ አይሰበሰብም፤ ገዢው በስልኩ አስቀምጦ በርክክቡ ቀን ያወጣዋልና።

የሥራው ቀን መቍጠሪያ

ለአንድ እትም 12 ሳምንት መመደብ ይበቃል። መስከረም 26 ለሚወጣው የመጸው እትም ሥራው ሐምሌ 7 ገደማ ሊጀመር ይገባል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የገጾቹ ርእሶች ይወሰናሉ፤ በሚከተሉት 4 ሳምንታት ጽሑፍ ይጻፋል፣ ከነጋዴዎችም ጋር ስምምነት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት 3 ሳምንታት መሐንዲሱ የግንባታውን፣ የሕግ ዐዋቂው የሕጉን፣ የሽያጭ ኃላፊው የዋጋውን ገጽ አይተው በፊርማቸው ያጸድቃሉ። የቀሩት 3 ሳምንታት ለገጽ ቅንብር፣ ለእርማትና ለሙከራ ንባብ ናቸው።

ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ደንብ ይወጣል። የአደይ አበባ በሐምሌ አይገኝም፤ የጥምቀት ሕዝብም በኅዳር አይሰበሰብም። ስለዚህ የወቅት ፎቶግራፎች ከአንድ ዓመት አስቀድመው ተነሥተው በመዝገብ ሊቀመጡ ይገባል።

በስልክ ለሚያነብ ሰው

በወረቀት የሚታተምና በመካከሉ የሚሰፋ መጽሔት ገጾቹ በ4 የሚካፈሉ መሆን አለባቸው፤ በስልክ የሚነበበው ይህ ግዴታ የለበትም። ይሁን እንጂ የራሱ ግዴታ አለው። በወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ገጾች በትንሽ የስልክ መስተዋት ላይ ፊደላቸው አይነበብም፤ ስለዚህ ጽሑፉ በአንድ ዓምድ ይውረድ። ከባድ ፎቶግራፍ የአንባቢውን የኢንተርኔት ሂሳብ ስለሚበላ መጠኑ ይቀነስ። የትኛው ገጽ እንደተነበበና አንባቢው የት ላይ እንዳቈመ መቍጠር ለቀጣዩ ዕቅድ ይረዳል፤ ነገር ግን የአንባቢውን ስምና ስልክ ለመመዝገብ አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና።

በጠቅላላው የዚህ ሥራ ሚዛን አንድ ነው። መጽሔቱ ቤት ያልገዛውን ሰው ስለ ቤቱ አያያዝ የሚረዳው፣ የገዛውንም ስለ ገንዘቡ የሚያሳርፈው ከሆነ፣ ገጾቹ በሚገባ ታቅደዋል ማለት ነው። ሥዕሉ ብቻ አምሮ ቃሉ ባዶ ከሆነ ግን፣ በየወቅቱ የሚወጣው እትም በኩባንያው ላይ የሚቀርብ የጽሑፍ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።