ለቤት ውሻችን የሚስማማው ምግብ የትኛው ነው?

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል የገጠር ቀበሌዎች «ውሻህ ምን ይበላል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ቤቱ የበላውን»። ፍርፋሪ እንጀራ፣ የድስት ጥራጊ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሳንባና አንጀት። ይህ ልማድ ሙሉ በሙሉ የሚነቀፍ አይደለም። ከማዕዳችን የሚተርፈው ምግብ በጥቂት ማሻሻያ የውሻን ፍላጎት ሊያሟላ ይችላል። ሆኖም ከዚያው ማዕድ የሚወጡ ሁለት ሦስት ነገሮች ውሻውን ለሞት፣ የቤቱን ሰው ደግሞ ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሊዳርጉ ስለሚችሉ ምርጫው በዘፈቀደ ሊተው አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

ውሻ ያለ ሥጋ አይኖርምን?

ውሻ ከተኩላ ዘር የወጣ በመሆኑ ሥጋ ካልበላ አይኖርም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ስታርችን የሚፈጨውን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል በተኩላ ውስጥ በ2 ቅጂ ብቻ ሲገኝ፣ በውሻ ውስጥ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተቆጥሯል። ውሻ ከገበሬ ጋር በኖረ ቁጥር ከገበሬው እህል ጋር ተላመደ ማለት ነው። ስለዚህ የጤፍ እንጀራም ሆነ የማሽላ ቂጣ በሚገባ እስከበሰለ ድረስ ለውሻ ባዕድ ምግብ አይደለም። ድመት በዚህ ረገድ ከውሻ ትለያለች፤ እርስዋ ከእንስሳት የተገኘ ምግብ የግድ ያስፈልጋታል።

ታዲያ እንጀራ ብቻውን ይበቃል ወይ? 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ግቢ የሚጠብቅ ጎልማሳ ውሻን እንውሰድ። ይህ ውሻ በቀን 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል ያስፈልገዋል። አንዱ እንጀራ 300 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ ሁለት እንጀራ ይህን ኃይል በግምት ይሞላል። ውሻው አይራብም። ፕሮቲኑን ስናሰላ ግን ጉድለቱ ይታያል። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ በመሆኑ በሁለቱ እንጀራ ውስጥ የሚገኘው ደረቅ ነገር 240 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ፕሮቲኑ ከ25 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው። በአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ባለሥልጣናት ማኅበር መመዘኛ መሠረት ግን ጎልማሳ ውሻ ለየ1,000 ኪሎ ካሎሪው 45 ግራም ፕሮቲንና 1.25 ግራም ካልሲየም ማግኘት አለበት። ጤፍ በካልሲየም ከብዙ እህሎች ቢሻልም ከሁለት እንጀራ የሚገኘው ከግማሽ ግራም እምብዛም አያልፍም። እንጀራ ብቻ እየበላ የሚኖር ውሻ ሆዱ ሞልቶ ጡንቻው የሚሟሽሸው፣ ጠጉሩም የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐይቁ የሚሰጠው

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ አካባቢ ነዋሪ ይህን ጉድለት ለመሙላት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ይገኛሉ። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ዛሬ ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው እርሱ ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ብዙ ምእመናን አይበሉትም፤ ለውሻ ግን ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም።

ዓሣው ለፊሌቶ ሲዘጋጅ ራሱና የጀርባ አጥንቱ ይጣላሉ። በነዚህ ላይ የሚቀረው ሥጋ ቀላል አይደለም። ከተቀቀለ በኋላ በእጅ ተላቆ 100 ግራም ያህል ቢገኝ፣ ወደ 26 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል። ከሁለቱ እንጀራ ላይ ሩቡን ቀንሰን በምትኩ ይህን ዓሣ ብንጨምር የውሻው ፕሮቲን ከ45 ግራም ያልፋል፤ ኃይሉ ግን አይጨምርም። አንድ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስላለው፣ ታጥቦና ደርቆ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ግማሹ ለአንድ ቀን ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከክርስቲያኑ ቤት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይጠፋሉ፤ ውሻውም ሳይወድ ይጾማል። የዓሣ ገበያ የሚደምቀው ግን በዚያው ወቅት ነው። የተጣለው የዓሣ ራስ የሚበዛው ውሻው ፕሮቲን በሚያጣበት ጊዜ መሆኑ ዕድል ነው፤ ባንጠቀምበት ያሳዝናል። ዓሣ በማይገኝበት በአምባሰል ደጋ ደግሞ በሚገባ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምስር ከእንጀራው ጋር ቢደባለቅ ከባዶ እንጀራ እጅግ ይሻላል። አሬራም መልካም ነው፤ አጓት ግን ውሃነቱ ስለሚበዛ ብዙ ሊታመኑበት አይገባም።

ዓሣው ጥሬውን መሰጠት የለበትም። ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትላትሎችን ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶችም ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው። መቀቀል ሁለቱንም ያጠፋል። የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ጉሮሮንና አንጀትን ስለሚወጋ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

ከቅርጫው ጥግ የሚወረወረው ሳንባ

ከሁሉ በላይ አንባቢያን እንዲያስተውሉልን የምንሻው ይህን ነው። በፋሲካ፣ በገና ወይም በዓረፋ ዕለት በግ ወይም በሬ ሲታረድ ባለቤቱ ጉበቱን ወይም ሳንባውን ገልበጥ አድርጎ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካየበት «ይህ አይበላም» ይልና ለውሻው ይወረውረዋል። ሰው ላለመብላት መወሰኑ ትክክል ነው፤ ለውሻው መስጠቱ ግን በሽታውን በገዛ ግቢው መዝራት ነው።

ከረጢቱ ሃይዳቲድ ይባላል። በውስጡ የውሻ ኮሶ ትል ጥቃቅን ራሶች ይገኛሉ። ውሻው ጥሬውን ሲውጠው እያንዳንዱ ራስ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ትል ይሆናል። ውሻው የታመመ አይመስልም። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ በሣር ላይ ሲቀር በጉ ይግጠዋል፤ በውሻው ጠጉር ላይ ሲቀር ደግሞ ውሻውን ሲዳብስ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ ይወስደዋል። በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ የሚያድገው ከረጢት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ መፍትሔ የለውም። በኮምቦልቻ ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከረጢቱ በአካባቢያችን ከብቶች ላይ እንደሚገኝ አረጋግጠዋል።

የበግ ጥሬ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። በጉን ዙሪያውን እያሽከረከረ የሚገድለው በሽታ መንሥኤ የሌላ ኮሶ ትል ከረጢት ሲሆን፣ ውሻ በውስጡ ከረጢት ያለበትን አንጎል ካልበላ ትሉ ዑደቱን መቀጠል አይችልም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ጤናማ የሚመስለውም ቢሆን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ። በተጨማሪ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በየኪሎው 5 ሚሊ ግራም ታስቦ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሰጥ ትሉን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን ስለማይገድል ከሕክምናው በኋላ ያለው የውሻው ዓይነ ምድር መቀበር አለበት። በብዙ ሙስሊም ቤቶች የውሻው ገበታ ከሰው ዕቃ ፈጽሞ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከዚህ በሽታ አንጻር ሁሉም ቤት ቢከተለው የሚጠቅም ሥርዓት ነው።

የወጥ ጥራጊ

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። በውስጣቸው ያሉት የሰልፈር ውሁዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በየኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ሊመረዝ ይችላል፤ 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ 75 ግራም፣ ማለትም አንድ ራስ ሽንኩርት ይበቃል ማለት ነው። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። የዶሮ ወጥ አብዛኛው ክፍል ሽንኩርት መሆኑን ስናስብ የበዓል ማግስት ጥራጊ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይገባናል። የውሻው ድድ ከገረጣ፣ ሽንቱም ከቀላ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በርበሬው፣ ጨውና ቅቤው ተጨማሪ ጣጣ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚበሳ አይሰጥ።

በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን መኖ በተመለከተ ብዙ አንናገርም። ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ለንደን ውስጥ የውሻ ብስኩት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ንግዱ ዓለምን አዳርሷል። የታሸገው መኖ ጥቅሙ የተመጣጠነ መሆኑ ነው፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቀመስም። የሚገዛው ሰው በጽሑፉ ላይ «የተሟላ» የሚል ቃልና ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ የሚገልጽ መረጃ መኖሩን ይመልከት።

ቡችላ ከጎልማሳ ውሻ ይለያል። ለኪሎ ክብደቱ ሲሰላ እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ ሆዱ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ እስከ 6 ወር ድረስ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይመገብ። የላም ወተት ከውሻ ወተት ይልቅ በቅባትና በፕሮቲን እጅግ የሳሳ፣ በላክቶስ ግን የበዛ በመሆኑ እናቱ ለሞተችበት ቡችላ ብቻውን አይበቃም፤ የእንቁላል አስኳል ሊጨመርበት ይገባል። ጥርስ ካወጣ በኋላ በተላቀቀ ዓሣ የተፈተፈተ እንጀራ መለማመድ ይችላል፤ አዲሱ ምግብ ግን ተቅማጥ እንዳያስከትል በ7 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ የቀድሞውን እየተካ ይግባ።