የጃፓን የእጅ ሰዓት ታሪክና አሠራሩ

(ዘመኑ ኹሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ጃፓኖች አስቀድሞ መዓልቱን በ6፥ ሌሊቱንም በ6 ክፍል ይቈጥሩ ነበር። ስለዚህ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት የቀኑ ክፍል ይረዝማል፤ በሚያጥርበትም ወራት ያጥራል። ባለሞያዎቻቸውም ለዚሁ አቈጣጠር የሚስማማ ሰዓት ይሠሩ ነበር። ነገር ግን መንግሥቱ ከ1873 ዠምሮ የአውሮጳን ዘመን አቈጣጠርና እኩል የኾነውን 24 ሰዓት ስለ ተቀበለ፥ የቀድሞው ሰዓት ኹሉ ጥቅሙ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ኪንታሮ ሃቶሪ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። በ1881 በቶኪዮ የሰዓት ሱቅ ከፈተ። በዮኮሃማ ለተቀመጡት የውጭ አገር ነጋዴዎች ዕዳውን በቀጠሮው ቀን ይከፍል ስለ ነበር፥ አመኑትና ዕቃ በዱቤ ይሰጡት ዠመር። በ1892 ፋብሪካ አቁሞ የግድግዳ ሰዓት፥ በ1895 የኪስ ሰዓት፥ በ1913 ሎሬል የተባለውን የጃፓን መዠመሪያ የእጅ ሰዓት አሠራ። የሎሬል ሥራ እጅግ ረቂቅ ስለ ኾነ በቀን ከ30 እስከ 50 ብቻ ይሠራ ነበር።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ታላቅ የምድር መናወጥ ኾነ፤ እሳትም ተነሥቶ ፋብሪካውን አቃጠለው። ለጥገና በአደራ የተቀበለው 1,500 ያህል የሰው ሰዓትም አብሮ ጠፋ። እሳቱ በቂ ምክንያት ይኾነው ነበር፤ እርሱ ግን በጋዜጣ አስነግሮ ለየባለቤቱ አዲስ ሰዓት ያለ ዋጋ ሰጠ። በሚከተለውም ዓመት ሴይኮ የሚል ስም ያለበት ሰዓት ወጣ። በዚያው በ1924 ሌሎች ሠራተኞች ሲቲዝን፥ ማለት ዜጋ፥ የተባለውን የኪስ ሰዓት አወጡ።

የዚያ ዘመን ሰዓት ኃይሉ የተጠመጠመ ሞላ ነው። ሞላው ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ደግሞ እንዳይቸኵሉ ትገታቸዋለች። በብዙዎቹ ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ ትመታለች። ሙቀትና ብርድ፥ የእጅም መወራጨት ስለሚያውካት በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ ታሳስታለች።

በ1964 በቶኪዮ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ጊዜ የተቈጠረው በሴይኮ ሰዓቶች ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የፈጸመው በዚያ ነው።

በዲሴምበር 25 ቀን 1969 ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን፥ ይኸውም የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ዋጋ ነበር። በውስጡ ቢረሌ የሚመስል፥ ስሙ ኳርትዝ የሚባል ደንጊያ አለበት። የባትሪ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሰከንድ 8,192 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህን ቍጥር 13 ጊዜ በእኩሌታ ቢከፍሉት 1 ይቀራል፤ ተማሪ በሰሌዳ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ እየከፈለ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ቈጣሪውን ያራምዳል። ስሕተቱ በወር ከ5 ሰከንድ አይበልጥም ተባለ።

ከዚያ በኋላ የኳርትዝ ሰዓት ዋጋ እየረከሰ ሄደ። ለብዙ ዘመን በሰዓት ሥራ የታወቀችው ስዊስም ተጐዳች፤ በ1970 ወደ 90,000 ይደርሱ የነበሩት ሰዓት ሠሪዎቿ በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ 30,000 ያህል ወረዱ። በ1976 ደግሞ ሲቲዝን ቈጣሪው በብርሃን ኃይል የሚሄድ የእጅ ሰዓት ሠራ።