ከጉበትዎ ናሙና ይወሰድ ተብለዋልን?

ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳ መታወቅ አለበት። ቀደም ሲል፣ በኢንተርፌሮን ዘመን፣ ለዚህ ከጉበት ናሙና በመርፌ ይወሰድ ነበር፤ ሕመምና አልፎ አልፎም የደም መፍሰስ ያስከትላል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የሚዋጡ መድኃኒቶች ግን ከ100 ታማሚዎች ከ95 የሚበልጡት፣ በአብዛኛው በ12 ሳምንት ሕክምና፣ ይድናሉ። የጉበት ጠባሳም በደም ምርመራ ወይም ፋይብሮስካን በተባለ መሣሪያ ያለ መርፌ ይገመታል።

ስለዚህ ሐኪምዎን «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋልን?» ብለው ይጠይቁ። ሌላ የጉበት በሽታ ከተጠረጠረ ወይም የምርመራ ውጤቶች ከተጋጩ መርፌውን አይሽሹ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። አላህ ሺፋውን ይስጥዎ።