ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ልጅነት መከራ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲቃረብ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ያደግሁት ጠብና ዱላ በማይጠፋበት ቤት ነው። ያለፈው ነገር ከእንቅልፌ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ ሊገናኝ ይችላል። ሐኪሞቹ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት የልጅነት መከራ ከጎልማሳነት ዘመን ደዌ ጋር እንደሚዛመድ ካሳዩ ወዲህ፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን እንቅልፍ የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንትም ተመሳሳይ ዝምድና አግኝተዋል። እንቅልፍ ራስን ለጨለማ አምኖ መስጠት ነውና፣ የአባቱን አረማመድ ከደጅ እያዳመጠ የቁጣውን መጠን ሲገምት ያደገ ሕፃን፣ ዛሬ የጓደኛው ነጠላ ጫማ በዶርሙ ኮሪደር ሲንሸራተት፣ ኅሊናው «ሰላም ነው» እያለው እንኳ፣ ሥጋው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች አመንጭቶ ለዘብ ይቆማል። የፈተናው ጭንቀት ይህን የቆየ ፍም ይቆሰቁሰዋል። መከራ ያየ ሁሉ እንቅልፍ ያጣል ማለት አይደለም፤ ያንተም ስንፍና አይደለም፣ ከቶ አይደለም።

ከቀትር በኋላ ቡና ተው፤ ከጠጣኸው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ እኩሌታ በደምህ ውስጥ ይቀራልና። ምንም ያህል ብታመሽ ጧት በአንድ ሰዓት ተነሣ። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመህ እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ከአልጋህ ወርደህ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለእኔ የጻፍኸውን ይህንኑ ቃል ለግቢህ ክሊኒክ ሐኪም ወይም አማካሪ ሳትሸሽግ ንገር፤ እባክህ፣ ፈተናው እስኪያልፍ አትጠብቅ።