ስለ ጓሳ ሣር

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ተማሪ የቤት ክዳን ሣር ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ሰንበሌጥ ነው። እኔም ሌላ የክዳን ሣር መኖሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጮቄ ተራራን የወጣ ሰው ግን፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ባለፈው ብርዳም አገር፣ ጓሳን ያገኛል።

የዕፅዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ማክሮፊላ ይሉታል። በየዓመቱ ተዘርቶ የሚበቅል አይደለም፤ ሥሩ ሳይሞት ዓመት ከዓመት ይኖራል። ከአንድ ሥር እጅብ ብሎ ጉብታ ጉብታ እየሠራ ይበቅላል፤ ጅብራና አስታ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ታዲያ ውርጩን እንዴት ይችለዋል? በከፍተኛ ተራሮቻችን ላይ ብርድ እንደ አውሮፓ ወቅት ጠብቆ አይመጣም፤ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጓሳ የደረቁ አሮጌ ቅጠሎቹን አይጥልም። እነርሱ እንደ ጋቢ ዙሪያውን ስለሚሸፍኑት በመካከል ያለው ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ተጠብቆ ያድራል። ስዊድናዊው ኡሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት በአምስት ዓይነት የአካል ቅርጽ ሲለይ፣ አንዱ ይኸው እጅብ ብሎ የሚበቅለው ሣር ነው። እንግዲህ «ደረቁን በእሳት ብናጸዳው ምን ይጎዳል» የሚል ሰው ጋቢውን እንደ ገፈፈው ይወቅ።

ስለ ጥቅሙ የመንዝን ሰው መጠየቅ ነው። ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ስለዚህም በመንዝ ጓሳ ቀሮ የሚባል ሥርዐት አቁሞ፣ መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ከአጫጅና ከከብት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፍት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ይህን ሥርዐት አፈረሰው። በኋላ ግን አገሬው ራሱ በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

በጮቄስ? ገብስና ድንች ሽቅብ ወጥተዋል፤ ጓሳው ወደ ዐናቱ ተገፍቷል። ሣሩ የለቀቀው ዳገት ዝናቡን አይዝም፤ ውሃው ዐፈሩን ይዞ ይወርዳል። በደምበጫ በኩል የሚያልፈው ተምጫ የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ ነገሩ ለእኛም ለቈላ ጎረቤቶች ነው ማለት ነው። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሽቅብ የሚያርሰው መሬት ጠቦት እንጂ ውርጭ ወዶ አይደለም። ጮቄም የራሱ ቀሮ ያስፈልገው እንደሆነ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ ቢኖር፣ መጀመሪያ ከተራራው ሽማግሎች ጋር ይቀመጥ።